ጥፋቱ ከናስትሮው ሥር ነበር፦ አዲስ የተገዛ ሆም ቴአትር ድምፁ አልጥም ሲል

ሆም ቴአትሩን ገዝቼ ቤት ባስገባሁበት ምሽት፣ ከቤተሰቤ ጋር ማየት የጀመርነው ፊልም ገና ግማሽ ሳይደርስ ባለቤቴ «እስቲ የቴሌቪዥኑን ድምፅ መልሰው፤ ሰዎቹ የሚሉት አይሰማኝም» አለችኝ። አምስት ትንንሽ ስፒከርና ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ አንድ ዉፈር ያለው፣ ለወራት ከደመወዜ እየቆጠብኩ የገዛሁት ዕቃ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ከተገጠሙት ሁለት ደቃቃ ድምፅ ማጉያዎች አንሶ መገኘቱን ለመቀበል ከበደኝ። ግን እውነቷን ነበር። ንግግሩ ከእንስራ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል፤ ከበሮ ሲመታ የዱላው ጫፍ ይሰማል እንጂ ጉምታው የለም። ግራ ያጋባኝ ደግሞ ሶፋው ላይ ፈጽሞ የማይሰማው ወፍራም ድምፅ፣ ውኃ ልጠጣ ተነሥቼ ወጥ ቤቱ በር ላይ ስደርስ ደረቴን እስኪመታኝ መበርታቱ ነው። ይህ ለምን እንደሆነ የገባኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ እስከዚያው ድረስ የሄድኩበትን መንገድ የምጽፈው ሌላ ሰው ተመሳሳይ ነገር ሲገጥመው ዕቃውን ተሸክሞ ወደ ሱቅ ከመመለሱ በፊት ቤቱ ውስጥ ሊፈትሽ የሚችለውን እንዲያውቅ ነው።

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ሳሎናችን 4.8 ሜትር ርዝመትና 3.5 ሜትር ስፋት ሲኖረው፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ ብሎኬት፣ አንዱ ጎኑ ደግሞ ሰፊ መስኮት ነው። ቴሌቪዥኑ በአጭሩ ግድግዳ በኩል ቡፌው ላይ ተቀምጧል፤ ሶፋው ከፊት ለፊቱ ነው። ከዕቃው ጋር የመጣውን ዋና ማሽን መመሪያው «ሪሲቨር» ይለዋል፤ ይሁን እንጂ እኛ አገር ሪሲቨር ሲባል ሰው የሚያስበው የዲሽ ማሽኑን ስለሆነ፣ እኔ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ አምፕሊፋየር እያልኩ እጠራዋለሁ። ሁለቱን ባለመለየት ብቻ በስልክ ምክር የጠየቅሁት ወዳጄ ለግማሽ ሰዓት ያህል ስለ ዲሽ አቅጣጫ ሲያስረዳኝ ቆይቷል።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ያባከንኩት ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ በመነካካት ነው። ቤዙን እስከ መጨረሻው ጨመርኩ፣ ትሬብሉን ቀነስኩ፣ «ሲኒማ»፣ «ስታዲየም»፣ «ኮንሰርት» የሚሉትን አማራጮች በየተራ ሞከርኩ፤ ድምፁ ተለዋወጠ እንጂ አልተሻለም። የገዛሁበት ሱቅ ስደውል «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፤ ደረሰኙ ላይ ተጽፏል፤ ለማንኛውም ስፒከር አዲስ ሲሆን እንደዚህ ነው፣ ሲለምድ ይስተካከላል» ተባልኩ። ስፒከር በአጠቃቀም ጥቂት ይላላል የሚሉ አሉ፤ ሆኖም ንግግር እስከማይለይ ድረስ የተበላሸ ድምፅ በመጠበቅ አይድንም። ሌላ ሻጭ ደግሞ በወርቅ የተለበጠ ገመድ ካልገዛህ አይሆንም አለኝ። ገንዘብ ቢኖረኝ ኖሮ እገዛው ነበር፤ ያዳነኝ ኪሴ ባዶ መሆኑ ነው።

በአራተኛው ቀን አሠራሬን ለወጥኩ። ማንኛውንም የድምፅ ማስተካከያ ወደ ዜሮ መለስኩና ለዓመታት የማውቀውን፣ መሲንቆ፣ ከበሮና አንድ ወንድ ድምፃዊ ብቻ ያለበትን ዘፈን መፈተሻ አደረግሁ። ከዚያ በኋላ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየለወጥኩ የሰማሁትን በልጄ የቤት ሥራ ደብተር ጀርባ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ፊልም ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ድምፁ በየትዕይንቱ ስለሚለያይ የተለወጠው ፊልሙ ይሁን ማሽኑ መለየት አይቻልም።

ቀድሜ ያጣራሁት አምፕሊፋየሩ ምን እየተቀበለ እንደሆነ ነው። በማሳያው ላይ «ፒሲኤም 2.0» የሚል ጽሑፍ ይነበባል፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው ነበር፣ እኔ ግን ትርጉሙን ለመጠየቅ አላሰብኩም። ትርጉሙ ቴሌቪዥኑ የሚልከው ግራና ቀኝ የሚባሉትን ሁለት መስመሮች ብቻ ነው ማለት ነው። አምፕሊፋየሩ ደግሞ ሁለቱን መስመሮች ለሁሉም ስፒከር በሚያባዛ አማራጭ ላይ ስለነበረ፣ ከአምስቱም ድምፅ ሲወጣ ሰምቼ ሆም ቴአትር እየሠራ መስሎኝ ነበር። ለካስ ከኋላዬ የሚሰማው ከፊት ያለው ንግግር ራሱ ኖሯል። ወደ ቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ገብቼ በድምፅ ክፍል ሥር «ዲጂታል ኦዲዮ አውትፑት» የሚለውን ከ«ፒሲኤም» ወደ «ቢትስትሪም»፣ ማለትም ድምፁን ሳይፈታ እንዳለ ወደሚልከው ስቀይር፣ ባለ 5.1 ፊልም (ለአምስት ስፒከርና ለአንድ ዉፈር የየራሳቸው መስመር ያለው) ስከፍት ማሳያው «ዶልቢ ዲጂታል» ማለት ጀመረ፤ ንግግሩም ወደ መካከለኛው ስፒከር ተሰበሰበ። በአንዳንድ ቴሌቪዥኖች ይኸው አማራጭ «አውቶ» ወይም «ፓስ ስሩ» ይባላል።

እዚህ ላይ ገመዱንም ማየት ያስፈልጋል። የኦፕቲካል ገመድ ያልታመቀ ድምፅ ሲያስተላልፍ የሚችለው ሁለት መስመር ብቻ ሲሆን፣ 5.1 የሚያልፍበት እንደ ዶልቢ ዲጂታል ታምቆ ሲላክ ነው። በኤችዲኤምአይ መገናኘት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ካሉት ቀዳዳዎች «ኤአርሲ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን መምረጥ አለበት፤ ከቴሌቪዥኑ ወደ አምፕሊፋየሩ ድምፅ የሚመለሰው በእርሱ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ምንጩ ራሱ ሁለት መስመር ከሆነ አምስት አይሆንም። እኔ በዲሽ የማያቸው ቻናሎች በሙሉ በስቴሪዮ የሚመጡ ናቸው፤ በፍላሽ አስቀድቼ ካመጣኋቸው ፊልሞችም መጠኑ እንዲያንስ ሲባል ድምፃቸው ወደ ሁለት መስመር የተቀነሰ ብዙ አሉ። ስለዚህ ስፒከሩን ከመውቀስ በፊት ማሳያውን ማንበብ ይቀድማል።

ከዚህ በኋላ የፊልሙ ንግግር ተሻለ፤ ዘፈኑ ግን አሁንም ሳስቷል። በስቴሪዮ ስከፍተው፣ ማለትም ሁለቱ የፊት ስፒከሮችና ዉፈሩ ብቻ ሲሠሩ፣ ድምፃዊው በሁለቱ መካከል ሊቆም ሲገባው የት እንዳለ አይታወቅም፤ ከግራም ከቀኝም ከራሴ ጀርባም የሚመጣ ይመስላል። ወንዱ ዘፋኝ አፍንጫው የታፈነ ልጅ ሆኗል። ይህን ለመግለጽ ስቸገር የሰማኝ አንድ ጎረቤቴ፣ ሰፈራችን ውስጥ ከቴፕ ዘመን ጀምሮ ራዲዮ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት ዘንድ ወሰደኝ። ሳልጨርስ አቋረጡኝ።

«ግራውን ስፒከር ንቀልና በቀኙ ብቻ ስማው፤ ቤዙ ይጨምራል ይቀንሳል?»

«ጋሼ፣ አልሞከርኩም።»

«ሞክረው። በአንዱ ስፒከር ከሁለቱ የተሻለ ከተሰማህ ሽቦ ገልብጠሃል።»

ቤቴ ተመልሼ ግራውን ነቀልኩ። ድምፃዊው ወዲያውኑ ሰው ሆነ። አንድ ስፒከር ቀንሼ ድምፁ መወፈሩ እንቆቅልሽ ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። የስፒከሩ ወረቀት አየሩን ወደ ፊት እየገፋ ወደ ኋላ እየሳበ ይሠራል። የአንዱ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ከተገለበጠ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ አንዱ የሠራውን ሌላው ያፈርሰዋል። የ100 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 100 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ሞገድ ወደ 3.4 ሜትር ስለሚረዝም፣ በሁለት ሜትር ርቀት የቆሙ ሁለት ስፒከሮች በተቃራኒ ሲሠሩበት አብዛኛውን ይሰራረዙታል፤ ቀጭኑ ድምፅ ሞገዱ አጭር ስለሆነ ይተርፋል፣ ግን አቅጣጫው ይጠፋል። እኔ ስሰማው የሰነበትኩት ይህንኑ ነው።

ይሁን እንጂ የአምፕሊፋየሩንም የስፒከሩንም ጫፍ ስፈትሽ ቀዩ በቀይ፣ ጥቁሩ በጥቁር ነበር። ሽማግሌው ይህን ስነግራቸው ሳቁና «ከድንጋይ የሚያመልጥ የለም» ብለው ዘዴውን አሳዩኝ። አምፕሊፋየሩ ከሶኬት ይነቀላል፤ የስፒከሩ ሽቦ ሁለት ጫፎች ከአምፕሊፋየሩ ይላቀቃሉ፤ ከዚያ 1.5 ቮልት የሆነ ተራ የባትሪ ድንጋይ ተወስዶ ቀዩ ሽቦ በላይኛው ጉብ፣ ጥቁሩ በታችኛው ጠፍጣፋ በኩል ለቅጽበት ይነካል። ልጄ ሽፋኑን አውልቃ በስልክ መብራት ወረቀቱን እያየች፣ እኔ ከማዶ ነካሁት። ቀኙ ስፒከር «ጡቅ» ብሎ ወደ ውጭ ወጣ። ግራው «ጡቅ» ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ሲነካ ወደ ውጭ የሚወጣው ትክክለኛው ነው። ድንጋዩን ይዞ መቆየት ግን አያስፈልግም፤ የስፒከሩን መጠምጠሚያ በከንቱ ያሞቃል። ከ1.5 ቮልት የሚበልጥ ባትሪም መጠቀም አይገባም።

ጥፋቱ ታዲያ መሀል ላይ ነው። ከዕቃው ጋር የመጣው ሽቦ ወደ ግራው ስፒከር በበሩ ዙሪያ ለመድረስ ስላጠረኝ፣ ከሠፈር ሱቅ ሁለቱም ፈትሎች አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው ሽቦ ገዝቼ ቀጥዬበት ነበር። ከሶፋው ጀርባ ተንበርክኬ መገጣጠሚያውን ያጠበቅሁበትን ናስትሮ ስገልጥ፣ ቀዩ ከወዲያኛው ጥቁር ጋር ተጠማዝዞ አገኘሁት። ከዚህም በላይ ሁለት ቀጫጭን የመዳብ ክሮች ከጥምሩ አፈንግጠው ከጎረቤታቸው ሽቦ ለመነካካት የፀጉር ያህል ቀርቷቸዋል፤ ቢነኩ ኖሮ አምፕሊፋየሩ ራሱን ያጠፋ ወይም ይቃጠል ነበር። ቅጥያውን ሙሉ በሙሉ አውጥቼ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ወጥ ሽቦ ዘረጋሁ። የውፍረቱን ጉዳይ ለማያምን ሒሳቡ ይኸው፦ አሥር ሜትር ርቀት ሲሄድና ሲመለስ 20 ሜትር ሽቦ ይሆናል፤ 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ ለዚህ ርቀት 0.7 ኦም ገደማ ይቃወማል፣ የ1.5ቱ ግን 0.23 ኦም ብቻ ነው። ስፒከሩ ራሱ 6 ኦም ሲሆን ይህ ልዩነት ይቆጠራል። ከዚህ አልፎ በወርቅ መለበጡ ለዚህ ሒሳብ የሚጨምረው ነገር የለም። ፈትሎቹ አንድ ቀለም ሲሆኑ አብዛኛውን ጊዜ በአንደኛው ላይ በጥፍር የሚዳሰስ ቀጭን መስመር አለ፤ ከሌለ ከመዘርጋት በፊት በአንዱ ፈትል ሁለት ጫፎች ላይ ቋጠሮ ማሰር ይበቃል።

የቀሩት የአምፕሊፋየሩ ሴቲንጎች ብዙ አላስቸገሩኝም። ስፒከሮቹ ከፋብሪካው «ላርጅ» ተብለው ተመዝግበው ነበር፤ ወረቀታቸው ከመዳፍ የማይሰፋ ስፒከሮች ወፍራሙን ድምፅ ሁሉ እንዲሸከሙ ተጠይቀዋል ማለት ነው። «ስሞል» ወደሚለው ቀይሬ መለያያውን 120 ሄርዝ ላይ አደረግሁት፤ ከዚያ በታች ያለው ወደ ዉፈሩ ይሄዳል። በተለምዶ የሚመከረው 80 ሄርዝ ሲሆን፣ እንደኔዎቹ ላሉ ትንንሽ ስፒከሮች ግን ከፍ ማድረግ የግድ ነው። ዉፈሩ ራሱ ጀርባው ላይ ተመሳሳይ ቁልፍ ካለው ድምፁ ሁለት ጊዜ እንዳይቆረጥ እስከ መጨረሻው ይከፈታል። ርቀቱንም በሜትር ለክቼ አስገባሁ፦ የፊቶቹ 2.6፣ የኋላዎቹ 1.2 ሜትር። ድምፅ በአንድ ሺህኛ ሰከንድ 34 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ይህ ካልተመዘገበ የኋላው ድምፅ አራት ሺህኛ ሰከንድ ቀድሞ ይደርሳል፤ ቅርብ በመሆኑም ይጮኻል። አምፕሊፋየሩ «ሽሽሽ» እያለ በየተራ የሚለቀውን የመፈተሻ ድምፅ በስልኬ ላይ ባለ የድምፅ መለኪያ እኩል እስኪሆን አስተካከልኩት። የስልክ መለኪያ ቁጥሩ ትክክል ባይሆንም ለማነጻጸር ያገለግላል። ለንግግሩ ሲባል መካከለኛውን ብቻ በ2 ዲሲቤል ከፍ አደረግሁ፤ ቡፌው ውስጥ ገባ ብሎ የተቀመጠውንም ወደ ጠርዙ አውጥቼ ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን በማድረግ ፊቱን ወደ ጆሯችን ቀና አደረግሁት። የእንስራው ድምፅ የጠፋው በዚህ ነው።

የወጥ ቤቱ በር ምስጢር የቀረኝ ያኔ ነው። ዉፈሩን ያስቀመጥኩት ለዓይን የማይታይበት ቦታ በሚል ከቡፌው አጠገብ ጥግ ላይ ነበር። ክፍል ውስጥ የሚለቀቅ ወፍራም ድምፅ በሁለት ፊት ለፊት ግድግዳዎች መካከል ይመላለሳል፤ የሞገዱ ግማሽ ከክፍሉ ስፋት ጋር ሲገጥም ግድግዳዎቹ አጠገብ ይበረታል፣ መሀል ላይ ይጠፋል። ለ3.5 ሜትር ስፋት ይህ የሚሆነው በ49 ሄርዝ ላይ ነው፤ የከበሮውም ጉምታ፣ የፊልሙም ፍንዳታ ከሚያርፍበት አካባቢ ማለት ነው። እኔ ደግሞ የምቀመጠው በትክክል በስፋቱ መሀል፣ ድምፁ በሞተበት ቦታ ነው። የወጥ ቤቱ በር ግድግዳው ላይ ነው። ቤዙን በቁልፍ መጨመር ለምን እንዳልረዳኝም በዚያው ገባኝ፤ የጨመርኩት ሁሉ የሚሄደው ለወጥ ቤቱና ለጎረቤት ነበር።

መፍትሔው ትንሽ ያሳፍራል። ዉፈሩን አንሥቼ ሶፋው ላይ፣ እኔ በምቀመጥበት ቦታ አስቀመጥኩት፤ የከበሮውን ክፍል እየደጋገምኩ ከፈትኩና ጆሮዬን ወደ ወለሉ አስጠግቼ በግድግዳዎቹ ሥር በአራት እግሬ መዳህ ጀመርኩ። ልጆቹ ተከትለውኝ ዳሁ፤ ባለቤቴ በስልኳ ቀረጸችኝ። ከሁለቱ ጥጎች አንዱ የሚያጉረመርም፣ ከመስኮቱ ሥር ያለው ባዶ፣ ከቴሌቪዥኑ በስተቀኝ አንድ ሜትር ያህል ፈቀቅ ያለው ቦታ ደግሞ እያንዳንዱ ምት ተለይቶ የሚሰማበት ሆኖ ተገኘ። ድምፅ በሁለቱም አቅጣጫ በአንድ ዓይነት መንገድ ስለሚጓዝ፣ ዳዴ ስል ጥሩ የሰማሁበት ቦታ ዉፈሩ ሲቀመጥበት ከሶፋው ላይ ጥሩ ይሰማል። እዚያ ካስቀመጥኩት በኋላ ከጀርባው ያለውን፣ ዉፈሩ ከሌሎቹ ስፒከሮች ጋር አብሮ ወይም በተቃራኒ እንዲገፋ የሚያደርገውን 0 እና 180 የሚል ማብሪያ በሁለቱም በኩል ሞክሬ የሚወፍረውን መረጥኩ። ለታች ጎረቤቶቻችን ስል ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ አነጠፍኩለት። ከጠቅላላው ሥራ ሁሉ ምንም ገንዘብ ሳይወጣበት ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይህ ነው።

ክፍሉ ራሱ ገና ይጮኻል። ሳሎን መሀል ቆሞ አንድ ጊዜ ማጨብጨብ ይበቃል፤ ከጭብጨባው በኋላ እንደ ሽቦ የሚርገበገብ ድምፅ ከተሰማ ሴራሚኩና ግድግዳው እየተቀባበሉት ነው። ለሙከራ ሁለት ጋቢና አንድ ብርድ ልብስ ወንበሮች ላይ ሰቅዬ ንግግሩ ምን ያህል እንደሚጠራ ከሰማሁ በኋላ፣ ከሶፋው ፊት ወፍራም ምንጣፍ አነጠፍን፣ የመስኮቱንም ስስ መጋረጃ በድርብ ለወጥን። ጨርቅ የሚውጠው ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ነው፤ ለወፍራሙ ቦታ ከመቀየር ሌላ ርካሽ ዘዴ አላገኘሁም።

ዉፈሩ ፊልም በሌለበት ጊዜ የሚያሰማው «ኡኡም» የሚል ድምፅም ነበር። የዲሹን ገመድ ስነቅል ፀጥ ስላለ፣ በተለያየ ሶኬት የተሰኩትን ቴሌቪዥን፣ የዲሽ ማሽንና ዉፈር ወደ አንድ ማከፋፈያ ሰብስቤ ሰካኋቸው፤ ፈጽሞ ባይጠፋም ከሶፋው አይሰማም። የመሬት ሽቦውን ወይም የሶኬቱን ሦስተኛ እግር ቁረጥ የሚል ምክር የሰጠኝ ሰው አለ፤ ይህ ሕይወት የሚያስከፍል ስለሆነ ማንም እንዳይሞክረው።

ያልተስተካከለም ነገር አለ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው 1000 ዋት ነው፤ አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ በደቃቁ የተጻፈው ከሶኬት የሚወስደው ኃይል ግን 110 ዋት ነው። ማንም ማሽን ያለማቋረጥ ከሚወስደው በላይ ያለማቋረጥ ሊያወጣ አይችልም። የድምፅ መጠኑን ቁጥር ከሦስት አራተኛው በላይ ሳሳልፈው ድምፁ ይሻክራል፤ ይህን ሴቲንግ አያድነውም። ለሳሎናችን ይበቃል፤ ሰርግ ቤት ለማስጨፈር የገዛው ሰው ግን ያዝናል።

ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ «ናይት» የሚለውን አማራጭ አበራለሁ፤ ፍንዳታውን ዝቅ፣ ሹክሹክታውን ከፍ ስለሚያደርግ ልጆቹ ሳይነቁ ፊልም ይታያል። ባለፈው ሳምንት ማጥፋቱን ረስቼ አድሬ፣ በማግስቱ ከሰዓት ያንኑ ዘፈን ብከፍት ከበሮው እንደገና ሞቶ አገኘሁት። ካቻቢቴና ናስትሮ ይዤ ከሶፋው ጀርባ ልገባ ስል፣ ልጄ ምንም ሳትናገር በጣቷ የአምፕሊፋየሩን ማሳያ አሳየችኝ።